«አይም» ወይስ «አይ አም»?

ደብረ ማርቆስ ያለች የአክስቴ ልጅ በእንግሊዝኛ የጻፈችውን የሥራ ማመልከቻ «እስኪ እየው» ብላ ላከችልኝ። ጥሩ ጽፋለች። ግን በየመስመሩ «አይም»፣ «ዶንት»፣ «ካንት» ሞልቶበታል። እነዚህ «አይ አም»፣ «ዱ ኖት» እና «ካኖት» አጥረው ነው። ፊደል በወደቀበት ቦታ ከላይ ትንሽ ጭረት ትገባለች።

አጭሩ ስህተት አይደለም። እኛስ «የት አለ?» የሚለውን «የታለ?» እንል የለ? በወሬ፣ በቴክስት፣ ለጓደኛ በሚጻፍ ደብዳቤ አጭሩ ነው የሚያምረው። እንዲያውም በወሬ መሃል «አይ ዱ ኖት» ብሎ ሙሉውን መናገር ቁጣ ሊመስል ይችላል። ለማመልከቻ፣ ለጥናት ወረቀትና ለውል ግን ሙሉውን ጻፉ።

ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን ሌላ ነው። «ጎጃሜ ነሽ?» ተብላ በእንግሊዝኛ ብትጠየቅ መልሷ «የስ፣ አይ አም» ነው። «የስ፣ አይም» አይባልም። መጨረሻ ላይ የቀረው «አም» ጠበቅ ተደርጎ ነው የሚነገረው፤ ጠብቆ የሚነገር ቃል ደግሞ አይዋጥም። በአሉታ ግን ይቻላል፦ «ኖ፣ አይም ኖት»።

«ኢትስ»ም አለች። ጭረት ካላት «ኢት ኢዝ» ወይም «ኢት ሃዝ» ማለት ነው። ከሌላት ባለቤትነትን ታሳያለች፣ እንደ «የእሱ»። ድምፁ አንድ ስለሆነ ጆሮ አይለየውም። ስትጠራጠሩ ዘርግታችሁ አንብቡት፤ ትርጉም ካልሰጠ ጭረቷን አውጧት። በማመልከቻው ላይ ያገኘሁት እውነተኛ ስህተት ይሄ ብቻ ነበር።