መስከረም ሲጠባ ከከተማ ወጣ ለማለት

ክረምቱ አልፎ ሜዳው ቢጫ ሲለብስ፣ የአዲስ አበባ ዳርቻ በእግር የሚዞርበት ምርጥ ጊዜ ነው። ግን በልማድ የምንላቸው ነገሮች አሉ። አንዳንዶቹ ሰውን ቤት ያስቀራሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቦታውን ይጎዳሉ።

"አደይን ብንነቅለው ምን አለበት? ለከርሞ ይበቅላል"

ይበቅላል፤ የሚበቅለው ግን ከዘር ነው። አደይ አበባ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ በመስከረም አብቦ፣ ዘሩን አራግፎ የሚደርቅ የአንድ ዓመት ተክል ነው። ለከርሞ አፈር ውስጥ የሚቆይ ሥር የለውም። እስቲ አንዱን ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሐል ያለው እምብርት የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጥርቅም ነው፤ ዘር የሚሆኑትም እነሱ ናቸው። እቅፍ ሙሉ አደይ ከነሥሩ ሲነቀል የከርሞውም አብሮ ይሄዳል። ለእንቁጣጣሽና ለደመራ አደይ መያዝ የኖረ ወጋችን ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ጥቂት ዘንግ ብቻ ቁረጡ፤ የቀረው ዘሩን እንዲያራግፍ ከአንድ ቦታ አትጨርሱ። በከተማው ዳር መስኩ ቤት እየሆነ፣ አደይ የሚበቅልበት መሬት ራሱ እየጠበበ ነው።

"የእንጦጦ ደን ከጥንት የነበረ ነው"

አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ ከተማዋ የማገዶ እጥረት ሲገጥማት የገባ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው። የአገሩ ዛፍ ጽድ፣ ኮሶና ወይራ ነው። ልዩነቱን ለማየት ወደ መሬት ተመልከቱ። ባሕር ዛፉ ሥር የሚበዛው ደረቅ ቅጠልና የተላጠ ልጥ ነው። ያረጀ ጽድ ባለበት ግን ቁጥቋጦው ይጠቀጠቃል፣ ቅርንጫፉም ላይ የዛፍ ሽበት የሚባለው ጢም መሳይ ነገር ይንጠለጠላል። የአገሩን ደን ከነጉሬዛው ማየት ለፈለገ፣ ከከተማው በስተምዕራብ ወጨጫ ተራራ ላይ መናገሻ ሱባ አለ። የእሱንም ጽድ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል።

"ብርቅ ወፍ ለማየት ሩቅ ፓርክ መሄድ ያስፈልጋል"

እንጦጦ ላይ ምንቃረ ወፍራሙን፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለበትን ትልቅ ቁራ ታያላችሁ። ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ገፈርሳ ግድብ ዳር ደግሞ የደጋችን ብቻ የሆነው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሣር ሲግጥ ይታያል።

"ደመና ካለ ፀሐይ አያቃጥልም"

የእንጦጦ አናት ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በየ1,000 ሜትሩ ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ስስ ደመናም አያግደውም። ባርኔጣ አትርሱ።

"መስከረም ከገባ ዝናብ የለም"

አለ እንጂ! ማለዳው ብራ ሆኖ ይውልና ከሰዓት በኋላ ድንገት ይወርዳል። በጠዋት ውጡ። ለጭቃው የሚቆነጥጥ ሶል ያለው ጫማ፣ ለሳማው ረጅም ሱሪ ያስፈልጋል። ጓደኛም ያዙ፤ ደመናው ሲጠቁር ካያችሁ ደግሞ ቁልቁለቱን ቶሎ ጀምሩት።