የደሴና የኮምቦልቻ ዳርቻዎች፦ የመኖሪያ ቤት ዕቅድና አሠራር

ደሴ ሜዳ የላትም። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል፤ በመሃል ቦርከና ይወርዳል። ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሰው ሲበዛባት ወደ ጎን መስፋት ስለማትችል እየተሳበች ወደ ጢጣና ቦሩ ሜዳ፣ ወደ ገራዶ፣ ወደ ኩርኩር ትወጣለች። ሐረጎን ወርደው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ ኮምቦልቻ አለች። እሷ ሜዳውን ታድላለች። ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይከብዳል፤ አንዱ ጋ እየሠራ ሌላው ጋ የሚያድር ብዙ ነው።

የደሴን ስም አፄ ዮሐንስ 4ኛ እንዳወጡት ይነገራል። የወሎ መናገሻ ሆና የደመቀችው ግን በንጉሥ ሚካኤል ጊዜ ነው። ጣሊያን መንገድ ሠርቶ ሄደ። እስከ አብዮቱ ድረስ እንደ ሌላው የአገሪቱ ከተማ ሁሉ መሬቱ በአብዛኛው የባላባት፣ የመኳንንትና የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ብዙው ነዋሪ ተከራይ።

ዛሬም ድረስ የሚታየውን መልክ ያመጣው የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ነው። ሐምሌ 1967 የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ትርፍ ቤትም ተወረሰ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ፣ ቦታውም እስከ 500 ካሬ ሜትር። አነስተኛ ኪራይ ይከፍል የነበረ ሰው ኪራዩ እስከ ግማሽ ተቀነሰለት። በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የሚባለው እንዲህ መጣ። ድሃው ከመሃል ከተማ ሳይፈናቀል እንዲኖር ያደረገ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ይህን መካድ አይቻልም። በሌላ በኩል ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ሳይነካ ስለቀረ ቀበሌ ማደሻ አላገኘም። ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ እንደሆነ ቀረ። ማከራየት ከአዋጁ ጋር ስለማይሄድም ገንዘብ ያለው ሰው ለኪራይ ብሎ መሥራቱን ተወ።

የማህበር ቤትም ሥሩ እዚያው ዘመን ነው። ተደራጅተው ለሚመጡ ቦታ በነፃ፣ ብድር በዝቅተኛ ወለድ ከቤትና ቁጠባ ባንክ ይሰጥ ነበር። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ሊዝ፣ ማለትም የመንግሥትን ቦታ ለተወሰነ ዘመን በውል መያዝ፣ መጣ፦ አዋጅ 80/1986፣ 272/1994፣ በመጨረሻም 721/2004። ቦታ በጨረታ ወይም ያለ ጨረታ በምደባ ሆነ፤ የመኖሪያው ዘመን 99 ዓመት። ጨረታ የነጋዴና የዳያስፖራ መንገድ ነው። መምህሩ፣ ነርሷና የቢሮ ሠራተኛው የሚያዩት ምደባውን ነው፤ እሱም በማህበር። ሰዎች ተሰባስበው ይመዘገባሉ፣ በዝግ ሂሳብ ይቆጥባሉ፣ ይጠብቃሉ። ቦታ ሲገኝ ዕጣ ይወጣል። ከዚያ ሳይት ፕላን፣ ግንባታ ፈቃድ፣ ካርታ። ጥበቃው ዓመታት ይፈጃል፤ እስከዚያ የብሎኬትና የብረት ዋጋ ሌላ ሆኖ ይቆያል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኮንዶሚኒየም ሁለቱም ከተሞች ገብቶ ነበር። አልዘለቀም።

ወደ ጢጣ ወይም ወደ ገራዶ የወጣ ሰው የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ የሚባሉትን አነስተኛ ክፍሎች ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ በባህር ዛፍና በጭቃ፣ ከቻለ በብሎኬት። ዋናው ቤት መሠረቱ ወጥቶ ይቆማል። ቤተሰቡ አንዷ ክፍል ውስጥ ገብቶ ሌሎቹን ያከራያል፤ በኪራዩም ግንባታውን ይቀጥላል። በ1999 የተከፈተው የወሎ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ፣ ከገጠር መጥቶ የሚማር ልጅ፣ አዲስ ተጋቢ፣ የቀን ሠራተኛ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። እንደኔ እይታ የደሴ ትክክለኛው አነስተኛ ዋጋ ቤት ሰርቪስ ነው። የከተማው ፕላን ግን የሚያውቀው ቦታውን እንጂ ክፍሉን አይደለም። አንድ ቤተሰብ ብሎ የሚያስበው ግቢ ውስጥ አራትና አምስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይኖራል። የውሃው መስመርም ሆነ የመንገዱ ስፋት በአንድ ቤተሰብ ልክ ነው የታሰበው።

ኮምቦልቻ ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ቆዳው፣ ብረቱ ቀድሞም ነበሩ። ሐምሌ 2009 በ75 ሄክታር ላይ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ። ሠራተኞቹ በአብዛኛው ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ በፋብሪካ ደሞዝ ብቻዋን ክፍል መያዝ የምትችል ጥቂት ናት። ሦስትና አራት ሆነው ይከራያሉ። የፋብሪካው ሼድ ሲታቀድ የሠራተኛው መኝታ አብሮ አለመታቀዱ ይገርማል። በሰሜኑ ጦርነት ከጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ወር ያህል በቆየው ወረራ ፋብሪካዎቹ ተዘረፉ፤ ሥራው ሲቆም ኪራይ የሚጠብቀው አከራይም አብሮ ተጎዳ። ተፈናቃዩ ሲጨመር የክፍል ፈላጊው በዛ።

መሬቱ ከየት ይመጣል? ከገበሬው። አዋጅ 1161/2011 ካሳውን ከቀድሞው ከፍ አድርጎታል፤ በቂ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን አላለቀም። ካሳ እስኪመጣ ያልጠበቀ ገበሬ ቆርሶ ይሸጣል፤ ደላላ ያገናኛል፤ ሌሊት ጨረቃ ቤት ይቆማል። አንዳንዶች ይህን ሕገ ወጥነት ብቻ ያደርጉታል። ዕጣ የማይደርሰው ሰው ሌላ በር እንደሌለው ግን መታየት አለበት። አሳሳቢው ቦታው ነው፤ ደሴ ዙሪያ ክረምት ሲከር መሬት የሚንሸራተትባቸው ተዳፋቶች አሉ፣ ርካሹ ቦታ የሚገኘውም እነሱ ላይ ነው።

የወሎ ቅሬ እዚህ ላይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። ሌላው እድር የሚለው ነው። አዲስ ሰፈር ቆርቆሮው ሳያልቅ ቅሬው ይቋቋማል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ይገባል። ለቅሶ ብቻ አይደለም ሥራው። ገንዘብ አዋጥቶ ጠጠር ያስደፋል፣ መብራት እንዲገባ ሽማግሌ ይልካል።

የቅርቡ ለውጥ የኪራይ አዋጁ ነው፣ ቁጥር 1320/2016። ውል ቢያንስ ለ2 ዓመት ይሆናል፤ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፤ ጭማሪ በዓመት አንዴ፣ እሱም መንግሥት በሚያወጣው ጣሪያ ውስጥ። ክልሎች የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ ይወስናሉ። ሰርቪስ ቤት ላይ ከሠራ ለተከራዩ ትልቅ ነገር ነው። የቃል ውል የለመደ አከራይ ግን ውሉን ማስመዝገብ የግብር መጠሪያ አድርጎ ያየዋል፤ አንዳንዱም ክፍሉን ለዘመድ ነው የሰጠሁት ይላል።