ስለ ቀጭን ላፕቶፕ የሚወራው እና እውነታው

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ ላፕቶፕ ላጋዛት መገናኛ ሄድን። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። የምትፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ትከሻዋን የማይቆርጥ፣ ሶኬት ፍለጋ ቤተ መጻሕፍቱን የማያዞራት። ቀላል ጥያቄ ይመስላል። ሦስት ሱቅ ገብተን ስንወጣ ግን አንዱ ሻጭ ያለው ከሌላው ጋር አይገጥምም። ከሁሉ የገረመኝ፣ ከሚሉት ውስጥ ግማሹን እኔ ራሴ ለዓመታት አምኜው የኖርኩት መሆኑ ነው። እስቲ እነዚህን ወሬዎች ላንሳቸው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

«ቀጭን ከሆነ ባትሪው አይቆይም»

ባትሪን እንደ ጀሪካን አስቡት። ጀሪካኑ ስንት ሊትር ይይዛል የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ቤተሰቡ በቀን ስንት ሊትር ይጨርሳል የሚለው ሌላ ነው። የባትሪ «ሊትሩ» ዋት-ሰዓት ይባላል። ላፕቶፑ የሚጠጣበት ፍጥነት ደግሞ ዋት ነው። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉት ሰዓቱ ይወጣል። 50 ዋት-ሰዓት ባትሪ 5 ዋት ለሚጠጣ ላፕቶፕ 10 ሰዓት ይሆነዋል። 90 ዋት-ሰዓት ባትሪ 30 ዋት ለሚጠጣ የጌም ላፕቶፕ ግን 3 ሰዓት ብቻ ነው።

አፕል በ2020 መጨረሻ ያወጣው፣ ኤም 1 በሚባል ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ አንጎል) የሚሠራው ማክቡክ ኤር 1.29 ኪሎ ይመዝናል። ፋን እንኳን የለውም። ባትሪው 49.9 ዋት-ሰዓት ነው፤ ትልቅ የሚባል አይደለም። ሆኖም በጊዜው ከነበሩት ብዙ ወፋፍራም ላፕቶፖች የበለጠ ይቆይ ነበር። ጀሪካኑ ስለሰፋ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ቆጣቢ ስለሆነ ነው። ኤልጂ ግራም ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደ። ባለ 14 ኢንቹ ከ1 ኪሎ በታች ሆኖ 72 ዋት-ሰዓት ባትሪ የያዘ ሞዴል አለው። ክብደቱ የተቀነሰው ከአካሉ ነው፤ ቀላል የማግኒዚየም ቅይጥ ተጠቅመዋል።

ስለዚህ ውፍረቱን በጣት እየለኩ ስለ ባትሪው መፍረድ አያዋጣም። ሻጩን «ስንት ዋት-ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል። ያኔ የሞዴሉን ሙሉ ስም ስልካችሁ ላይ መፈለግ ነው።

«ስክሪኑ ላይ ስድስት ሰዓት ይላል፣ ይዩት»

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ እንዲህ ነበር ያለኝ። «ጋሼ፣ ስድስት ሰዓት ይይዛል። እዚሁ ይዩት።» ማውሱን ታች ጥግ ላይ ያለችው የባትሪ ምልክት ላይ አሳረፈው። እውነትም 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይላል። የእህቴ ልጅ ፊቷ በራ።

እኔ ግን ስክሪኑን ለማየት ዓይኔን ማጥበብ ነበረብኝ። ብርሃኑ ከታች ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ዋይፋይ ጠፍቷል። አንድም ፕሮግራም አልተከፈተም። ኮምፒውተሩ ያንን ሰዓት የሚያሰላው አሁን በሚጠጣው መጠን ነው። ማንም ውሃ በማይቀዳበት ሌሊት «ይህ ጀሪካን ወር ይበቃናል» እንደማለት ነው።

ብርሃኑን ከፍ አደረግሁት። ከስልኬ ዋይፋይ አገናኘሁ። ብራውዘር ከፍቼ አሥር ገጽ ደረደርኩ፣ አንድ ቪዲዮም አስጀመርኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰዓቱ ወደ 2 ሰዓት ከ45 ወረደ። ልጁ ሳቀ። «ጋሼ ቴክኒሻን ነዎት እንዴ?» አለኝ። አይደለሁም። ከዚህ በፊት ተሸውጄ ስለማውቅ ነው።

ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው፣ ከዱባይም ይምጣ ከሌላ ቦታ፣ ይቺን ነገር ሳያይ ብሩን ባያወጣ ይሻለዋል፦ ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን የሲኤምዲን ጥቁር መስኮት ክፈቱ። በእንግሊዝኛ ፊደል «ፓወር ሲኤፍጂ» ብላችሁ አያይዛችሁ ጻፉ። ክፍት ቦታ ተዉ። ወደ ቀኝ ያዘመመ ሰረዝ አድርጉና «ባተሪ ሪፖርት» ብላችሁ ይህንንም አያይዛችሁ ጻፉ። ኢንተር ስትሉ ሪፖርቱ የት ፎልደር እንደተቀመጠ ይነግራችኋል። በብራውዘር ይከፈታል።

እዚያ ውስጥ የሚፈለጉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። «ዲዛይን ካፓሲቲ» ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘው ነው። «ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ» ዛሬ የሚይዘው ነው። የሁለተኛው ሱቅ ላፕቶፕ የመጀመሪያው ቁጥር 57,000፣ ሁለተኛው 33,000 ነበር። ቁጥሩ በሚሊ ዋት-ሰዓት ስለሆነ፣ 57 የነበረው ጀሪካን 33 ሆኗል ማለት ነው። አርባ ከመቶ ገደማው የለም። ላፕቶፑ ላዩ ጭረት የለውም፤ ኪቦርዱ አዲስ ይመስላል። ባትሪ ግን ፊቱ ላይ ዕድሜው አይታይም።

ማክቡክ ከሆነ ከሲስተም ኢንፎርሜሽን ገብታችሁ «ፓወር» የሚለውን ተመልከቱ። ስንት ጊዜ ተሞልቶ እንዳለቀ «ሳይክል ካውንት» ይላል። አፕል ለዘመናዊዎቹ ማክቡኮች ያስቀመጠው ገደብ 1000 ነው።

«ኮር ሰቨን ከኮር ፋይቭ ይበልጣል»

ይህ ወሬ የብዙ ሰው ብር በልቷል። ኮር ፋይቭና ኮር ሰቨን የኢንቴል ካምፓኒ ፕሮሰሰሮች ስም ናቸው። ኢንቴል በ2017 ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ሲያወጣ የቀጫጭን ላፕቶፖችን ፕሮሰሰር ከሁለት ኮር ወደ አራት ኮር አሳደገ፤ ኮር ማለት ፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ክፍል ነው። ኮር ፋይቭ 8250ዩ አራት ኮር አለው። ከእሱ በፊት የነበረው ኮር ሰቨን 7500ዩ ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም የተሠሩት ለ15 ዋት ነው። ስለዚህ የሰባተኛውን ጀነሬሽን «ኮር ሰቨን» ስሙን አይቶ በውድ የገዛ ሰው፣ ከፍሎ የወሰደው ያነሰውን ነው።

ለባትሪ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ትበልጣለች። «ዩ» ከሆነች ቆጣቢ ነው። «ኤች» ካለባት ለጉልበት የተሠራ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 45 ዋት ነው። ኤች ያለበት ፕሮሰሰር በቀጭን አካል ውስጥ ሲታጨቅ ይሞቃል። ሲሞቅ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ፋኑም እንደ ወፍጮ ይጮኻል። አዲስ ለሚገዛ፣ በ2024 የወጡት መጨረሻቸው «ቪ» የሆኑት የኢንቴል ኮር አልትራዎች በባትሪ ጥሩ ናቸው። የኳልኮም ስናፕድራገን ኤክስም እንዲሁ። ስናፕድራገን ላይ ግን አንዳንድ የቆየ ሶፍትዌርና ፕሪንተር እሺ አይልም። የቢሮ ሥራችሁ በአሮጌ ፕሮግራም ከሆነ ቀድማችሁ ሞክሩት።

ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከኢንቴል ስምንተኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ሰባተኛ ጀነሬሽን በርካሽ ሲቀርብላችሁ ለምን እንደረከሰ ይህ ይነግራችኋል።

«ካምፓኒው 18 ሰዓት ብሏል»

ብሏል። ግን ምን እየሠራ? አፕል ለኤም 1 ማክቡክ ኤር 18 ሰዓት ያለው ፊልም ሲታይ ነው። ኢንተርኔት ሲጎበኝ ብሎ የጻፈው 15 ሰዓት ነው። ሁለቱም የተለኩት ብርሃኑ በተወሰነ መጠን ዝቅ ብሎ ነው። ቪዲዮ ማጫወት ለዘመናዊ ፕሮሰሰር ቀላል ሥራ ስለሆነ አምራቾች ይወዱታል። ዙም ላይ ካሜራ ከፍቶ ስብሰባ መቀመጥ ግን ሌላ ዓለም ነው። እኔ የካምፓኒን ቁጥር ስሰማ ሲሶውን እጥላለሁ። የራሴ ልማድ ነው፤ እስካሁን ብዙም አላሳፈረኝም።

«ሚሊአምፒሩ የበዛው ይሻላል»

ባትሪ ላይ የሚጻፈው ሚሊአምፒር (ሙሉ ስሙ ሚሊአምፒር-ሰዓት) ብቻውን ምንም አይነግረንም። ዋት-ሰዓቱን ለማግኘት በቮልቴጁ ተባዝቶ ለሺህ መካፈል አለበት። 4000 ሚሊአምፒር በ7.6 ቮልት 30 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ያው 4000 በ11.4 ቮልት 45.6 ይሆናል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ጀሪካኑ ግን አንድ ተኩል እጥፍ።

ፓወር ባንክ ላይም ይኸው ነው። ለስልክ የተገዛ ባለ 10 ዋት ፓወር ባንክ የላፕቶፑ ሶኬት ውስጥ ስለገባ ብቻ ላፕቶፕ አይሞላም። ፒዲ (ፓወር ዴሊቨሪ፣ በታይፕ ሲ ከፍ ያለ ኃይል መስጫ ዘዴ) የሚል፣ 45 ወይም 65 ዋት የሚሰጥ ያስፈልጋል። ላፕቶፑም በታይፕ ሲ ቻርጅ የሚደረግ መሆን አለበት። ታይፕ ሲ ቀዳዳ ኖሮት ዳታ ብቻ የሚያሳልፍ ላፕቶፕ ሞልቷል።

ከአሜሪካ ወይም ከዓረብ አገር ዘመድ እንዲያመጣላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ይቺን ንገሩት። በአውሮፕላን ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው ባትሪ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ገበያው ላይ 27,000 ሚሊአምፒር አካባቢ የሚቆሙ ፓወር ባንኮች የበዙት ለዚህ ነው፤ በ3.7 ቮልት ተባዝቶ ለሺህ ሲካፈል ልክ መቶው ጫፍ ላይ ይደርሳል። ፓወር ባንክ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ አይላክም። በእጅ ነው የሚያዘው።

«አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ስምንት ሰዓት ይሞላ፣ ከዚያ ሙጥጥ ብሎ ይለቅ»

ይህ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ዘመን ምክር ነው። ለዚያ ይሠራ ነበር። የዛሬው ሊቲየም ነው፤ ሲሞላ ራሱ ያቆማል። ዜሮ እስኪሆን መጠበቅ እንዲያውም ይጎዳዋል። የሊቲየም ትልቁ ጠላት ሙቀት ነው፤ ቀጥሎም ለቀናት መቶ ከመቶ ሞልቶ መቀመጥ። ብዙ ላፕቶፖች 80 ከመቶ ላይ እንዲያቆሙ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። ቢሮ ውስጥ ሁልጊዜ ተሰክቶ ለሚውል ሰው ያንን ማብራት ጥሩ ነው። ቀጭን ላፕቶፕ አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት ግን የአየር ቀዳዳውን ይደፍንና ባትሪውን ቀስ እያለ ይቀቅለዋል።

ድሮ አብሮኝ የተማረ ልጅ ባትሪው እንዳይጎዳ ብሎ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጠው ነበር። ላፕቶፑን በሶኬት ብቻ ይጠቀማል። አንድ ማታ መብራት ሄደ። ሴቭ ያላደረገው የመመረቂያ ጽሑፉ ሁለት ገጽም አብሮ ሄደ። ባትሪው ግን መሳቢያ ውስጥ ደህና ነበር።

«ፎር ኬ ስክሪን ይሻላል»

ፎር ኬ ከፉል ኤችዲ የበለጠ ጥራት ያለው ስክሪን ነው። በ13 ኢንች ላይ ዓይናችሁ ልዩነቱን ብዙም አይለየውም፣ ባትሪው ግን ይለየዋል። ፉል ኤችዲ ይበቃል። ጥቁር ገጽታ ማብራትም ባትሪ የሚቆጥበው እያንዳንዱ ነጥብ ራሱ በሚበራበት ኦሌድ ስክሪን ላይ ነው። በተለመደው ኤልሲዲ ላይ የኋላው መብራት ጥቁርም ሆነ ነጭ ሲያሳይ ያው ይበራል።

«ባትሪው ይቀየራል፣ ራሙም በኋላ ይጨመራል»

ባትሪው ይቀየራል። ዋናውን ማግኘት ላይ ነው ችግሩ። ተመሳስሎ የተሠራው ለጥቂት ወራት ጥሩ ሆኖ ከዚያ ያብጣል። ያበጠ ባትሪ ምልክት አለው፦ የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሲጫኑት «ጠቅ» ማለቱን ይተዋል። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ይወዛወዛል። እንዲህ ያለውን ሻጩ ግማሽ ዋጋ ቢለውም አትንኩት። የእናንተው ከሆነ ደግሞ ቻርጅ ማድረጉን አቁማችሁ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። በመርፌ አስተንፍሰዋለሁ የሚል ጀግና አይጠፋም፤ እሳት ነው የሚነሳው።

ራሙ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ማስታወሻ) ግን ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ማክቡክ ኤር ሁሉም እንዲህ ነው። ዛሬ 8 ጊጋ የገዛ ሰው ላፕቶፑ እስኪጣል ድረስ 8 ጊጋ ነው የሚኖረው። ሻጮች «በኋላ ታስጨምሪያለሽ» ሲሉ አብዛኞቹ የሚያስቡት ስለ ድሮዎቹ ወፋፍራሞች ነው።

ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ሁለት አገኘን። አንዷ 1.1 ኪሎ፣ ሮዝ ቀለም፣ የተበየደ 8 ጊጋ ራም። ሌላው 1.4 ኪሎ፣ አመድማ፣ 16 ጊጋ፣ ከ50 ዋት-ሰዓት ባትሪው 45ቱ በሪፖርቱ ላይ የተረፈ። የእህቴ ልጅ ሮዟን አቅፋ ቆመች። ብዙ ተከራክረን አመድማውን ገዛን። ጠዋት ቻርጅ አድርጋ ትወጣለች፣ ማታ ቻርጀሩን ሳታወጣ ትመለሳለች። ስትደውልልኝ ግን የምታነሳው ቀለሙን ነው።