በእንግሊዝ ፕሮቤት ሳይወጣ የውርስ ታክስ መክፈል

በእንግሊዝና በዌልስ ሰው ሲሞት ቤቱን ለመሸጥም ሆነ ባንክ ያለውን ብር ለማውጣት አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቤት የሚባል ወረቀት ይጠየቃል። ፕሮቤት ማለት "ኑዛዜው ትክክል ነው፣ ንብረቱን የሚያስተዳድረውም እገሌ ነው" ተብሎ ከፍርድ ቤት የሚሰጥ ማረጋገጫ ነው፣ ኑዛዜ ከሌለ ሌተርስ ኦፍ አድሚኒስትሬሽን ይባላል እንጂ ስራው ያው ነው። ከኛ አገሩ የወራሽነት ማስረጃ ጋር ይቀራረባል ግን አንድ አይደለም፣ የኛው ወራሹ ማን እንደሆነ ነው የሚናገረው፣ የነሱ ግን ንብረቱን ሰብስቦ፣ እዳውን ከፍሎ፣ የተረፈውን የሚያከፋፍለው ማን እንደሆነ ነው።

ሰው የሚጨነቀው እዚህ ጋ ነው። ንብረቱ የውርስ ታክስ ካለበት፣ መጀመሪያ መከፈል ያለበት ታክስ ሳይከፈል ፕሮቤት አይሰጥም፣ ፕሮቤት ሳይሰጥ ደግሞ ባንኩ ብሩን አይለቅም፣ ቤቱም አይሸጥም። በሀዘን ላይ ያለ ቤተሰብ ይሄን ሲሰማ ከየት አምጥተን ነው የምንከፍለው ብሎ ወደ ብድር ይሮጣል፣ ብዙ ጊዜ ግን ብድር አያስፈልግም። ለዛ ነው ይሄን በአማርኛ መሰብሰብ የሚገባው።

ታክሱ ለምን ይቀድማል ለሚለው መልሱ ሩቅ ነው። በ1694 (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የእንግሊዝ መንግስት ከፈረንሳይ ጋር ለነበረበት ጦርነት ገንዘብ ሲፈልግ የቴምብር ቀረጥ አወጣና ፕሮቤትንም ጨመረበት፣ ከ20 ፓውንድ በላይ ንብረት ላለው ሟች 5 ሽልንግ። ቀረጡ ወረቀቱ ላይ የሚያርፍ ቴምብር ስለነበር ቴምብር የሌለው ፕሮቤት የለም ማለት ነው፣ ከፍለህ ነው የምትቀበለው። ያኔ ፕሮቤት የሚሰጡት የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ነበሩ፣ በ1857 በወጣ ህግ ከ1858 መጀመሪያ ጀምሮ ወደ መንግስት ፍርድ ቤት ዞረ። በ1894 የገንዘብ ሚኒስትሩ ዊሊያም ሃርኮርት የድሮዎቹን ቀረጦች ብዙውን አንድ ላይ አድርጎ እስቴት ዲዩቲ የሚባለውን አመጣ፣ ዛሬ ያለው ታክስ አያት እሱ ነው። በ1975 በሌላ ተተካ፣ በ1986 ደግሞ የአሁኑን ስሙን አገኘ። ቅደም ተከተሉ ግን አልተነካም፣ ዛሬ የሚጠቀሰው የ1981ዱ የፍርድ ቤቶች ህግ አንቀጽ 109 ነው።

አሁን ያለው ልክ ይሄ ነው፦ እስከ 325,000 ፓውንድ ታክስ የለም፣ ይሄ ቁጥር ከ2009 ጀምሮ አልተነቃነቀም። ሟች መኖሪያ ቤቱን ለልጆቹ ወይም ለልጅ ልጆቹ ካወረሰ እስከ 175,000 ይጨመርለታል፣ በጣም ትልቅ ሀብት ላይ ግን እየቀነሰ ይሄዳል። ከዛ በላይ ያለው 40 በመቶ ነው። ባልና ሚስት ሲወራረሱ አይከፈልም፣ ቀድሞ የሞተው ያልተጠቀመበትም ወደ ቀሪው ይተላለፋል። የለንደን ቤት ዋጋ ወጥቶ 325,000 ባለበት መቅረቱ ፍትሃዊ አይደለም የሚሉ አሉ፣ ተገቢ ነው የሚሉም አሉ። ታክስ ከፕሮቤት መቅደሙ ግን በኔ እምነት ለተራ ቤተሰብ በጣም ከባድ ነው።

የመክፈያው ቀን ሰው የሞተበት ወር ካለቀ በኋላ የስድስተኛው ወር መጨረሻ ነው። ማርች 12 የሞተ ሰው ታክሱ እስከ ሴፕቴምበር 30 ይከፈላል፣ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ወለዱ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ ከእንግሊዝ ባንክ መነሻ ወለድ 4 በመቶ ይበልጣል፣ ስለዚህ ጉዳዩን ሶሊሲተር (ጠበቃ) ይዞታል ብሎ መቀመጥ ዋጋ ያስከፍላል። የውርስ ታክሱን ፎርም (አይኤችቲ 400 የሚባለውን) ለማስገባት ዓመት አለን ብለው የሚዘናጉም አሉ፣ እውነት ነው ለፎርሙ 12 ወር አለ፣ ብሩ ግን 12 ወር አይጠብቅም።

አሁን ወደ መፍትሄው። አንድ ያላገቡ ልጅም የሌላቸው አክስት ሞቱ እንበል፣ ቤታቸው 600,000 ባንክ ያላቸው 40,000 ፓውንድ፣ ሁሉንም ለእህታቸው ልጅ ተናዘዋል። የቀብር ወጪና ሌላ እዳ ለጊዜው እንተወው። ከ640,000 ላይ 325,000 ሲቀነስ 315,000 ይቀራል፣ 40 በመቶው 126,000 ነው። የእህት ልጅ ይሄን ቁጥር ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ግን ቤትና መሬት ላይ ያረፈው ታክስ በ10 ዓመት፣ በየዓመቱ እኩል እየተከፈለ ሊሄድ ይችላል። ከ126,000ው የቤቱ ድርሻ 118,125 ነው፣ የባንኩ ድርሻ 7,875 ብቻ ነው። ስለዚህ ፕሮቤት ለማግኘት መጀመሪያ የሚያስፈልገው 7,875 ነው፣ ስድስቱ ወር ካለፈም የቤቱ የመጀመሪያ ክፍያ 11,812 ከ50 ይጨመርበታል፣ ቢደመር ሃያ ሺህም አይሞላም። አክስቲቱ ባንክ ያላቸው ደግሞ 40,000 ነው! በቀሪው ላይ ወለድ ይታሰባል እርግጥ፣ ቤቱ ከተሸጠም ቀሪው በሙሉ ያኔውኑ ይከፈላል።

ባንኩ ዘግቶት የለም ወይ ላለ፣ ለወራሽ ነው የዘጋው፣ ለታክስ አይደለም። አይኤችቲ 423 የሚባል ፎርም አለ፣ ሞልተህ የምትልከው ለታክስ መስሪያ ቤቱ ሳይሆን ለባንኩ ነው፣ ባንኩም ከሟች አካውንት በቀጥታ ለኤችኤምአርሲ (ለታክስ መስሪያ ቤቱ) ያስተላልፋል። ሁለት ባንክ ካለ ሁለት ፎርም። ከዛ በፊት ግን የውርስ ታክስ መለያ ቁጥር ማውጣት ግድ ነው፣ ቢያንስ ከክፍያው 3 ሳምንት ቀድሞ መጠየቅ አለበት፣ ብዙ ሰው ቀኑ የሚያልፍበት እዚህ ላይ ነው። የቀብር ደረሰኝም ቢሆን ባንኮች ከሟች አካውንት ይከፍላሉ። ቀብሩን እድሩ ወይም የሰፈሩ ሰው መዋጮ ከሸፈነው ደግሞ ያ ብር ሳይነካ ለታክስ ይተርፋል፣ በዚህ በኩል የኛ ሰው ስደት ላይም ሆኖ ያልጣለው ባህል ትልቅ ነገር ነው።

ባንክ ምንም ከሌለና ወራሽም ከኪሱ መክፈል ካልቻለ (ከኪሱ የከፈለ በኋላ ከንብረቱ ይመልሳል)፣ ግራንት ኦን ክሬዲት የሚባል አለ፣ ታክሱ ሳይከፈል ፕሮቤት እንዲሰጥ ኤችኤምአርሲ የሚፈቅድበት ማለት ነው። ድሮ መጀመሪያ ከባንክ ብድር ጠይቀህ መከልከልህን ማሳየት ነበረብህ፣ ከኤፕሪል 1, 2024 ጀምሮ ይሄ ቀርቷል። አሁንም ግን ሌላው መንገድ ሁሉ እንደተዘጋ ማስረዳት ይፈልጋል።

ከተከፈለ በኋላ ኤችኤምአርሲ ኮድ ያለበት ደብዳቤ ይልካል፣ የፕሮቤት ማመልከቻው ያለዛ ኮድ አይሄድም። አይኤችቲ 400ን ከላኩ በኋላ 20 የስራ ቀን መጠበቅ ነው። የፕሮቤት ማመልከቻ 300 ፓውንድ ያስከፍላል፣ ንብረቱ ከ5,000 በታች ከሆነ ነጻ ነው። ስኮትላንድ ኮንፈርሜሽን የሚባል የራሷ ስርዓት አላት።

የኛን ሰው በተለይ የሚነካው አገር ቤት ያለው ንብረት ነው። እስከ 2025 ድረስ ዋናው ጥያቄ ዶሚሳይል ነበር፣ ማለትም አንድ ቀን እመለሳለሁ ብሎ የኖረ ሰው ቋሚ አገሩ ኢትዮጵያ ነው ወይስ እንግሊዝ የሚለው ያከራክር ነበር። ከኤፕሪል 6, 2025 ወዲህ ግን ሃሳብ ሳይሆን ዓመት ነው የሚቆጠረው፣ ካለፉት 20 የታክስ ዓመታት 10ሩን እንግሊዝ የኖረ ሰው ቦሌ ያለው ቤቱም ወደ ሂሳቡ ይገባል። ሚስት አዲስ አበባ ብቻ የኖረች ከሆነችም ባሏ ለሷ ሲያወርስ ከታክስ ነጻ የሚሆነው እስከ 325,000 ነው፣ እሷ እንደ እንግሊዝ ነዋሪ ልቆጠር ብላ በጽሑፍ ካልመረጠች በስተቀር፣ ምርጫው ደግሞ የራሷን ንብረት ስለሚነካ ሳይመከር አይፈረምም። የአዲስ አበባው ቤት ግምት በሞተበት ቀን በነበረው ዋጋ በፓውንድ ተመንዝሮ ነው የሚጻፈው። ከኤፕሪል 2027 ጀምሮ ደግሞ ያልተነካ የጡረታ ገንዘብም አብዛኛው ይጨመራል።

ቤቱ ተሸጦ፣ ቀሪው ታክስ ከነወለዱ ተከፍሎ ሲያልቅ፣ አስተዳዳሪው አይኤችቲ 30 ሞልቶ ምንም እዳ እንደሌለ ማረጋገጫ መጠየቅ ይችላል። ለወራሾች የመጨረሻውን ሳንቲም ከማከፋፈሉ በፊት ይሄን በእጁ ቢይዝ ነው የሚሻለው፣ ካከፋፈለ በኋላ ታክስ ጎድሎ ቢገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነውና።