የሞባይል ሥርዓቶች ለውጭ አልሚዎች ያላቸው ክፍትነት፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

የስልኩም ሆነ የሥርዓቱ ባለቤት ያልሆነ ሰው የሠራው መተግበሪያ በምን መንገድ፣ በማን ፈቃድና በስንት ክፍያ ተጠቃሚው ስልክ ላይ ይደርሳል? የሞባይል ሥርዓት ክፍትነት የሚለካው በዚህ ጥያቄ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ ለሚጠይቀው ደግሞ ከኮዱ ይልቅ መንገዱ ይበልጥ ያሳስባል።

በጃቫ ስልኮች ዘመን ጌም በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2007 የመጀመሪያውን አይፎን ሲያወጣ ለውጭ አልሚዎች፣ ማለትም ከኩባንያው ውጭ ላሉ መተግበሪያ ሠሪዎች፣ የተወው በማሰሻ ውስጥ የሚከፈቱ የድር መተግበሪያዎችን ብቻ ነበር፤ የመተግበሪያ መደብሩ አፕ ስቶር የተከፈተው በጁላይ 2008 ነው። በዚያው ዓመት ገበያ ላይ የዋለው የጉግል አንድሮይድ ኮዱን ይፋ አደረገ፤ ከራሱ መደብር ውጭ በኤፒኬ (የአንድሮይድ መተግበሪያ መጫኛ) ፋይል መጫንንም ፈቀደ። በአይፎን ላይ የሌላ ድርጅት መደብር የተፈቀደው ግን በ2024 ነው፤ እሱም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አስገዳጅነት፣ መጀመሪያ በኅብረቱ አገሮች ብቻ።

ለአማርኛ ተጠቃሚ የክፍትነትን ትርጉም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ኪቦርድ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ደረጃ ውስጥ፣ የገባው በ1999 ቢሆንም፣ ፊደሉ ቁጥር ስለተሰጠው ብቻ በስልክ አይጻፍም። አንድሮይድ ከ2009 ጀምሮ ማንም ሰው የሠራው ኪቦርድ በስልኩ ሁሉ እንዲሠራ ስለፈቀደ፣ የአማርኛ ኪቦርድ ለመሥራት የስልክ አምራቹን ደጅ መጥናት አላስፈለገም። አይፎን ይህን የፈቀደው በ2014 ነው። እስከዚያ ድረስ ባለአይፎኑ አማርኛውን አንድ መተግበሪያ ውስጥ ጽፎ፣ ቀድቶ ወደ ሌላው ይለጥፍ ነበር፤ ያም ሲሰለቸው በላቲን ፊደል ይጽፋል። አንዲት የፈቃድ ውሳኔ የአንድን ቋንቋ ጽሕፈት አምስት ዓመት ታዘገያለች ማለት ነው።

ሙያውን የሚማሩ ወጣቶች በአካባቢው አሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደሴ ሲሆን የቴክኖሎጂ ተቋሙ ከሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ላይ ነው። ተማሪው ሥራውን በጉግል መደብር በፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ አፕ ስቶር ላይ ለማውጣት በየዓመቱ 99 ዶላር ይጠየቃል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2024) በፊት 25 ዶላር ወደ 1,400 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደው ግን በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘት ነው። ለአይፎን ለመሥራት ደግሞ የአፕል ኮምፒውተር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ኤፒኬው በቴሌግራም ይላካል፤ አንዱ ፓኬጁን ከፍሎ ያወረደውን ሌላው ዜንደር በተባለው ፋይል መላኪያ መተግበሪያ ወይም በሚሞሪ ካርድ ይቀበላል። ደሴ ውስጥ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ያለ ሰው ፕሌይ ስቶርን ሳይከፍት፣ «ካልታወቀ ምንጭ ጫን» የሚለውን ፈቅዶ ይጠቀምበታል። አደጋም አለው። አንድሮይድ እያንዳንዱን ኤፒኬ በሠሪው ዲጂታል ፊርማ ስለሚለይ፣ በሌላ ሰው የተነካካ ፋይል ቀድሞ በተጫነው ላይ እንደ ማሻሻያ ሊገባ አይችልም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጭን ሰው ግን ይህ መከላከያ የለውም። የባንክና የክፍያ መተግበሪያን ከእጅ ወደ እጅ መቀበል እጅግ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ እነሱን ከመደብሩ ብቻ ማውረድ ይገባል።

የቴሌብር ሱፐር አፕ ሌላ በር ከፍቷል፤ የሌሎች ድርጅቶች አገልግሎት በውስጡ ይሠራል፣ ክፍያውም በብር ነው። በሩን የሚጠብቀው ግን አሁንም አንድ ኩባንያ ነው።

ጉግል በ2025 ባወጣው ዕቅድ መሠረት፣ የእሱን ማረጋገጫ ባገኙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ በመደበኛው መንገድ የሚጫን መተግበሪያ ሁሉ ከመደብሩ ውጭም ቢመጣ ማንነቱን ካስመዘገበ አልሚ መሆን ይኖርበታል። ለጅማሬው ብራዚል፣ ኢንዶኔዥያ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ ተመርጠዋል፤ ቀሪው ዓለም ከ2027 ጀምሮ ይከተላል። ለተማሪዎች ሥራቸውን በጥቂት ስልኮች ላይ ብቻ ማሠራጨት የሚያስችል ነፃ ምዝገባ እንደሚኖርም ተገልጿል። ስልክን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በአልሚዎች መሣሪያ መጫን ግን ያለ ምዝገባም እንደሚቀጥል ኩባንያው አስታውቋል።