የአሜሪካ ወታደርና ክትባቱ፦ ከመርፌው በኋላ ያለው ሕመም እንዴት ይያዛል?

የአሜሪካ ጦር ውስጥ የገባ ምልምል ጠመንጃ ከመጨበጡ በፊት ክንዱን ይሰጣል። ማሠልጠኛ በገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደሙ ይመረመራል። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ሰልፍ ይይዛል። ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ማጅራት ገትር፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ሄፓታይተስ ኤ እና ቢ ይጠብቁታል። ዝርዝሩ እንደ ዘመኑ መመሪያ ይለያያል። ወደ ውጭ ከተላከ ደግሞ እንደ አገሩ ታይፎይድ፣ ቢጫ ወባ፣ የጃፓን ኢንሴፋላይተስ፣ አባሰንጋ፣ አንዳንዴም ፈንጣጣ ይጨመርበታል።

ሲቪል ሰው ክትባት ሲወስድ ቀኑን ይመርጣል። ካመመው ከሥራ ይቀራል። ወታደሩ ግን በአንድ ቀን ብዙ መርፌ ሊወጋ ይችላል፤ በማግስቱም ሩጫ አለ። አመመኝ ማለት ደግሞ በጓደኞቹ ፊት ደካማ የሚያሰኘው ይመስለዋል። ስለዚህ እዚያ ቤት የክትባትን ሕመም መቋቋም ማለት ክኒን መዋጥ ብቻ አይደለም። ለማን፣ መቼ፣ በምን ወረቀት ላይ ይነገራል የሚለው ከክኒኑ ይበልጣል።

ነገሩ ለሐበሻው ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ጦር የሚያገለግሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች አሉ። በ2009 የተጀመረው ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም የቋንቋና የሕክምና ችሎታ ያላቸውን ስደተኞች የዜግነት መንገድ እየከፈተ ሲመለምል፣ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአገር ቤት ለሄደ ሰው አንድ ማሳሰቢያ ቀድሞ መነገር አለበት። በሕፃንነቱ ቢሲጂ የሚባለውን የሳንባ ነቀርሳ ክትባት የተከተበ ሰው የሳንባ ነቀርሳ የቆዳ ምርመራ ሲደረግለት ክንዱ ሊያብጥ ይችላል። ይህ ሁልጊዜ በሽታው አለበት ማለት አይደለም። ቢሲጂ መከተብን ቀድሞ መናገርና በደም የሚሠራውን ምርመራ መጠየቅ ብዙ ጣጣ ያስቀራል።

ከዋሽንግተን እስከ ቢጫ ወባው ጥፋት

ጦር ሠራዊትና ክትባት የቆየ ትውውቅ አላቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1777 ወታደሮቹ በፈንጣጣ ላይ እንዲከተቡ አዘዘ። ያኔ ክትባት የሚባለው ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወስዶ የጤነኛውን ቆዳ ሰንጥቆ ማስገባት ነበር። የጎንዮሽ ጉዳቱ ራሱ ፈንጣጣው ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ብሎ ይወጣል። ጥቂቶች ይሞቱበት ነበር። ሳይከተቡ የሚያዙት ግን በብዙ እጥፍ ይሞቱ ነበር። ዋሽንግተን ያሰበው ይህንን ሒሳብ ነው።

በ1898 ከስፔን ጋር በተደረገው ጦርነት ከጥይት ይልቅ ታይፎይድ ጎዳ። በአሜሪካ የጦር ሰፈሮች ውስጥ 20,000 ገደማ ወታደሮች ታመው ከ1,500 በላይ ሞቱ። ጦሩ የታይፎይድ ክትባትን በ1911 ግዴታ አደረገ። የዚያ ዘመን የታይፎይድ መርፌ በትኩሳትና በክንድ እብጠት የታወቀ ነበር።

በ1942 የሆነው ግን ከእነዚህ ሁሉ የከፋ ነው። ቢጫ ወባ ጦርነቱ ውስጥ እንዳይገባ የተፈራ ጊዜ ነበር። ወታደሩ በብዛት ተከተበ። ክትባቱ እንዳይበላሽ የሰው ደም ፈሳሽ፣ ማለትም ሴረም፣ ይጨመርበት ነበር። ከደም ለጋሾቹ መካከል ዛሬ ሄፓታይተስ ቢ የምንለው ቫይረስ የነበረባቸው ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ የወታደሮች ዓይን ቢጫ መሆን ጀመረ። 50,000 ገደማ በወፍ በሽታ ተኙ፤ 62 ሞቱ። ከአራት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይቶ የታተመ ጥናት በቫይረሱ የተያዙትን 330,000 አካባቢ አድርጎ ገመተ። ሴረም ያለበት ክትባት በሚያዝያ 1942 ቆመ። ሴረም የሌለበት ተተካ፤ ችግሩም ቆመ።

ይህንን ታሪክ ሰዎች በሁለት መንገድ ያጣምሙታል። አንዱ ወገን ክትባት ሁሉ መርዝ ነው ለማለት ይጠቀምበታል። ሌላው ወገን ስለማያመቸው ይዘለዋል። የበሽታው ምንጭ የተገኘው ግን የትኛው ወታደር ከየትኛው የክትባት ምድብ እንደተወጋ ስለተመዘገበ ነው።

የተለመደው ሕመምና የተለመደው መድኃኒት

ከአብዛኛው መርፌ በኋላ የሚመጣው ለሁላችንም የታወቀ ነው። ክንድ ይከብዳል፣ ይቀላል፣ ያብጣል። ብርድ ብርድ ይላል። ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ይከተላል። ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ይጠፋል። የቢጫ ወባውና የኩፍኙ ክትባት ይለያሉ። ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስላላቸው ትኩሳቱ ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ወታደሩ ያኔ መርፌውን ረስቶታል፤ ጉንፋን ያዘኝ ይላል።

መፍትሔዎቹ ተራ ናቸው። ሳይበሉ አለመከተብ፣ ውሃ መጠጣት፣ የተወጋውን ክንድ ማንቀሳቀስ፣ እብጠቱ ላይ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማድረግ። ለሕመሙ ታይለኖል (ፓራሲታሞል) ወይም ሞትሪን (አይቡፕሮፌን)። በጦሩ ውስጥ ስለ ሕክምና ባለሙያዎች የሚቀለድ የቆየ ቀልድ አለ፦ ምንም ይሁን በሽታህ «ሞትሪን ዋጥ፣ ውሃ ጠጣ፣ ካልሲህን ቀይር» ይሉሃል። ለክንድ ሕመም ምክሩ አይከፋም። በሙቀት ውስጥ ሲሮጥ ውሎ ውሃ ያልጠጣ ሰው ግን ሞትሪን ሲደራርብ ኩላሊቱን ያስቸግራል።

ራስ መሳት ሌላው የተለመደ ነገር ነው። ወጣቶች ላይ ይበዛል። የጡንቻው መጠን አያድንም። የሚጎዳው ደግሞ መርፌው ሳይሆን ወድቆ ጭንቅላትን መምታት ነው። ስለዚህ ከተወጉ በኋላ 15 ደቂቃ ቁጭ ማለት ያስፈልጋል። በዚያው ጊዜ ውስጥ አደገኛው የአለርጂ ምላሽ ከመጣ ኢፒነፍሪን የተባለውን የአለርጂ ማርከሻ መርፌ የያዘ ባለሙያ አጠገብ አለ። ጉሮሮ ሲያብጥ፣ ትንፋሽ ሲያጥር፣ ገላ ሁሉ በሽፍታ ሲሞላ ተራ መጠበቅ የለም፤ ወዲያው መጮኽ ነው።

ምልምሎች በጣም የሚፈሩት መርፌ ግን ክትባት እንኳ አይደለም። ቢሲሊን የሚባል ወፍራም ፔኒሲሊን ነው፤ መቀመጫ ላይ ይሰጣል። «የኦቾሎኒ ቅቤ» ይሉታል። ጉሮሮን የሚያጠቃው ስትሬፕቶኮከስ ማሠልጠኛ ውስጥ እንዳይዛመት የሚሰጥ ነው። ከተወጉ በኋላ መራመድና ቦታውን ማሸት ያቀለዋል። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ግን ሰልፉ ላይ እያለ መናገር አለበት። ለእሱ ሌላ መድኃኒት አለ።

በክኒን የሚሰጥ ክትባትም አለ። አዴኖቫይረስ የሚባለው በጦር ሰፈር የሚዛመት ትኩሳትና ሳል መንስኤ ነው። ክትባቱ ከ1971 ጀምሮ ለምልምሎች ይሰጥ ነበር። አምራቹ በ1996 ማምረት አቆመ፤ ክምችቱ በ1999 አለቀ፤ በሽታው ማሠልጠኛዎቹን መልሶ ወረራቸው። በ2011 ክኒኑ ተመለሰ። ሁለት ክኒን ነው፤ ሳይታኘክ ይዋጣል። ቫይረሱ እስከ 28 ቀን ድረስ በሰገራ ስለሚወጣ እጅ መታጠብ ግድ ነው፤ በተለይ ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅ ባለበት።

ፈንጣጣ፦ ቁስሉን ማስታመም

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው በ1976 ነው። በዓለም ላይ በተፈጥሮ የመጣው የመጨረሻ ታማሚ በቀጣዩ ዓመት ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በታኅሣሥ 2002፣ አሜሪካ ቫይረሱ እንደ መሣሪያ ሊመጣ ይችላል ብላ ወታደሮቿን እንደገና መከተብ ጀመረች።

ይህ ክትባት ከሌሎቹ ይለያል። መርፌው ሁለት ጫፍ አለው፤ ክንድ ላይ ደጋግሞ ይጠቀጥቃል። የሚገባው ቫክሲኒያ የሚባል፣ የፈንጣጣ ዘመድ የሆነ ሕያው ቫይረስ ነው። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ቀይ ጉብታ ይወጣል። ከዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ መግል ይይዛል። በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ይከፋል። ብብት ውስጥ ንፍፊት ይወጣል፣ ትኩሳት ይኖራል፣ ማሳከኩ እንቅልፍ ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ቅርፊቱ ይወድቃል፤ ጠባሳው ይቀራል። ይህ ሁሉ ክትባቱ ሠርቷል ማለት ነው።

ዋናው ሥራ ቁስሉ ወደ ሌላ ቦታና ወደ ሌላ ሰው እንዳይሄድ መጠበቅ ነው። በጎዝ ይሸፈናል፤ በላዩ ረጅም እጅጌ ይለበሳል። በነካ እጅ ዓይን ማሸት ዓይንን ሊያሳጣ ይችላል። ፎጣ አይጋሩም። ቅባት አይቀቡም። የወለቀው ጎዝና የወደቀው ቅርፊት በፕላስቲክ ታሽጎ ይጣላል። ችፌ ያለበት ወይም የነበረበት ሰው፣ ነፍሰ ጡር፣ የበሽታ መከላከያው የደከመ ሰው አይከተብም። እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ያለ ወታደርም ቢሆን እንዲሁ።

ይህ የወረቀት ጥንቃቄ ብቻ አይደለም። በ2007 አንድ የተከተበ ወታደር ወደ ግዳጅ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሄደ። ችፌ የነበረበት የሁለት ዓመት ልጁ በቫክሲኒያ ተያዘ። ሕፃኑ ቺካጎ ውስጥ ለሳምንታት ሆስፒታል ተኛ። ገላው በቁስል ተሸፍኖ ነበር። እናትየውም ተይዛ ነበር። ያኔ ገና በሙከራ ላይ የነበረ ቴኮቪሪማት የተባለ መድኃኒት ጭምር ተሰጥቶት ዳነ።

ልብም ይነካል። ከታኅሣሥ 2002 እስከ ግንቦት 2003 ከ450,000 በላይ ወታደሮች ሲከተቡ 37 ሰዎች ላይ የልብ ጡንቻ ወይም የልብ ሽፋን ብግነት ታየ። ኋላ በዚያ ክትባት ቦታ የገባው ኤካም2000 የተባለ የፈንጣጣ ክትባት በሙከራ ወቅት በደም ምርመራና በልብ ምት መመርመሪያ (ኢሲጂ) በጥብቅ ሲታይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተከተቡ 175 ሰዎች አንዱ ላይ ብግነቱ ተገኝቷል። ቁጥሩ የበዛው ምልክት የሌላቸውም ስለተመረመሩ ነው።

አባሰንጋ፦ እብጠቱና ክርክሩ

አባሰንጋን ገበሬው ከከብቱ ጋር ያውቀዋል። የአሜሪካ ጦር ግን የሚፈራው በዱቄት መልክ እንደ መሣሪያ እንዳይመጣበት ነው። በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት 150,000 ገደማ ወታደሮች ተከተቡ፤ በ1998 ደግሞ ለሁሉም ወታደር የሚዳረስ የግዴታ ዘመቻ ተጀመረ።

መርፌው ሲገባ ያቃጥላል። ቦታው ይቀላል፤ ከቆዳው በታች ጠጠር ያለ እብጠት ይቋጠራል፤ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ሴቶች ላይ ከወንዶች ይበዛል። ያኔ ስድስት መርፌ በ18 ወር ውስጥ፣ ከቆዳ በታች ነበር የሚሰጠው። ቅሬታው በዛ፤ ጥናት ተደረገ። በ2008 አሰጣጡ ወደ ጡንቻ ተቀየረ፤ መርፌውም ወደ አምስት ወረደ። እብጠቱና መቅላቱ በግልጽ ቀነሰ። ወታደሮች ስላማረሩ የተገኘ ለውጥ ነው ብል አላጋነንኩም።

ክርክሩ ግን ከእብጠት አልፎ ሄደ። በመቶዎች የሚቆጠሩ አንከተብም ብለው ተቀጡ፤ አንዳንዶቹ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቆሙ። በ2004 ዳኛ ኤመት ሱሊቫን ግዴታውን አገዱት፤ ምክንያታቸው የፈቃድ አሰጣጡ ሥርዓት አለመሟላቱ ነበር። የመድኃኒት ባለሥልጣኑ ኤፍዲኤ በ2005 ፈቃዱን አጸና። ግዴታውም አደጋ ላለባቸው ስምሪቶች ተመለሰ። የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2002 ክትባቱን መርምሮ ደኅንነቱ ተቀባይነት አለው ብሎ ነበር። እምነት ግን በሪፖርት ብቻ አይመለስም።

ደረቱን ያመመው ወታደር

በ2021 የኮቪድ ክትባት ሲሰጥ የጦሩ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። 23 ወንዶች፣ በአማካይ 25 ዓመት አካባቢ የሆኑ፣ ጤነኞች፣ በተከተቡ በአራት ቀን ውስጥ ደረታቸውን አመማቸው። ሃያዎቹ ሁለተኛውን መርፌ የወሰዱ ነበሩ። የልብ ጡንቻ ብግነት ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተሰጠው ከ2.8 ሚሊዮን በላይ መርፌ ነው፤ ስለዚህ ብርቅ ነው። ለወታደሩ የሚጠቅመው ምክር አንድ ነው፦ ደረት ካመመ፣ ልብ ከዘለለ፣ ትንፋሽ ካጠረ ሩጫው ይቁም። ብግነቱ ከተረጋገጠ ከባድ እንቅስቃሴ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይከለከላል። ጀግንነት እዚህ ቦታ ላይ ይገድላል።

የኮቪዱ ግዴታ በነሐሴ 2021 ወጥቶ በጥር 2023 ተሻረ። በመሃል ከ8,000 በላይ ወታደሮች ባለመከተብ ምክንያት ተሰናብተዋል።

ወረቀቱ

ያመመው ወታደር ማለዳ ሲክ ኮል ወደሚባለው የሕሙማን መታያ ይሄዳል። ሐኪሙ ካመነበት ፕሮፋይል የሚባል ወረቀት ይጽፍለታል፤ ከሩጫና ከከባድ ሥራ ለጊዜው ነጻ ያወጣዋል። ለክትባቱ ክፉ ምላሽ ከነበረው ለቀጣዩ መርፌ በሕክምና ምክንያት በጊዜያዊነት ወይም በቋሚነት ነጻ እንዲሆን መጠየቅ ይችላል። ለዚህ ብቻ የተቋቋሙ ባለሙያዎችም በጦሩ ጤና ክፍል ውስጥ አሉ፤ ሥራው በዋልተር ሪድ የጦር ሆስፒታል በ2001 ነው የተጀመረው። ቪኤአርስ የተባለው፣ በ1990 የተቋቋመው አገር አቀፍ የክትባት ጉዳት መዝገብም የወታደሩን ሪፖርት በቀጥታ ይቀበላል፤ የአለቃ ፊርማ አይጠይቅም።

የክትባቱ ስም፣ ቀኑ፣ የምድብ ቁጥሩ፣ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት፣ የእብጠቱ ፎቶ በራስ እጅ መቀመጥ አለበት። በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የክትባት መዝገብ አያያዝ ደካማ ስለነበር ብዙ ዘማቾች በኋላ ምን እንደተወጉ እንኳ ማረጋገጥ አቃታቸው።

መዝገቡ ከአገልግሎት በኋላም ይፈለጋል። በ1950 የተወሰነው የፌሬስ ፍርድ ወታደር በአገልግሎት ላይ ለደረሰበት ጉዳት መንግሥትን እንዳይከስ ይከለክላል። ክፍት የሚቀረው ዋና በር የአርበኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ካሳ ነው። እዚያ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ወቅት የደረሰ ክስተት፣ ሁለቱን የሚያያይዝ የሐኪም ቃል። ማመልከቻውን በነጻ የሚያዘጋጁ እውቅና ያላቸው የአርበኞች ማኅበራት ስላሉ፣ ገና ከጅምሩ ገንዘብ ለሚጠይቅ ደላላ እጅ መስጠት አያስፈልግም።