የዘር በሽታና ብሔር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሽማግሌ ተልኮ የልጅቱ ቤት ሲጣራ፣ ከሀብትና ከጠባይ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ በሽታ ነው። መጠየቁ ነውር የለበትም። ነውሩ መልሱ ከሐኪም ሳይሆን ከጎረቤት ሐሜት መሰብሰቡ፣ «እነዚያ እኮ ዘራቸው ነው» ተብሎ አንድ ቤት፣ አንዳንዴም አንድ ሙሉ ብሔረሰብ በደፈናው መፈረጁ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. የሆኑ ጥቂት ማስረጃዎችን ይዘን አባባሎቹን እንያቸው።

«ሲክል ሴል የጥቁር ሰው በሽታ ነው»

ሲክል ሴል የቀይ የደም ሕዋሳትን ቅርጽ የሚያዛባ የዘር በሽታ ነው፤ አባባሉ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1910 የቺካጎው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ ማጭድ የሚመስሉ ቀይ የደም ሕዋሳትን በሕክምና መጽሔት የገለጸው፣ ከግሬናዳ ደሴት በመጣ አንድ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ደም ውስጥ ታይተው ነው። ከዚያ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት በሽታው ነጭ ሰው ላይ ሲገኝ አንዳንድ ሐኪሞች የራሳቸውን አስተሳሰብ ከመጠራጠር የበሽተኛውን ቅድመ አያቶች መጠራጠር ይቀናቸው ነበር።

ነገሩ ግን ከቆዳ ቀለም ይልቅ ከወባ ትንኝ ጋር ይዛመዳል። ተመራማሪው አንቶኒ አሊሰን በ1954 ከምሥራቅ አፍሪካ ጥናቱ ተነሥቶ እንዳሳየው፣ በሽታውን የሚያመጣውን ጂን (ከወላጅ የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) አንድ ቅጂ ብቻ የወረሰ ልጅ ከከባድ ወባ በተሻለ ይተርፋል፤ ከእናትም ከአባትም ሁለቱን የወረሰው ይታመማል። ስለዚህ ጂኑ የበረከተው ወባ ለረጅም ዘመን በሰፈረበት ምድር ሁሉ ነው፦ በምዕራብ አፍሪካ፣ በማዕከላዊ ሕንድ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ግሪክ ውስጥም በኦርኮሜኖስ አካባቢ። ወባ በማይወጣበት የኢትዮጵያ ደጋ ግን ብርቅ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ኮሳዎች ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ጥቁሩ የደጋ ገበሬ የሌለው ነገር ነጩ ግሪካዊ ዘንድ ተገኘ። ሳዑዲ ዓረቢያም ከ2004 ጀምሮ ተጋቢ ዜጎቿን የምታስመረምረው የማንንም ቀለም አይታ አይደለም።

«ታይ-ሳክስ የአይሁድ በሽታ ነው»

ይህ የነርቭ በሽታ ሕፃኑን በጥቂት ወራት ዕድሜው ማዳከም ይጀምራል፤ በተለመደው መልኩ ከያዘው አምስት ዓመት የሚሞላው ጥቂት ነው። ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ በመጡት አሽኬናዚ አይሁድ ዘንድ ከሠላሳ ሰው አንዱ ገደማ ተሸካሚ (ራሱ ሳይታመም የጂኑ አንድ ቅጂ ያለው) መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን በካናዳ የኩቤክ ፈረንሳውያንና በሉዊዚያና ካጁኖች ዘንድም ይበዛል፤ ሁለቱም ካቶሊኮች ናቸው። የሚያመሳስላቸው ከጥቂት ቀደምት ቤተሰቦች ተነሥተው እርስ በርስ ሲጋቡ የኖሩ መሆናቸው ነው። ቤተ እስራኤል በበኩላቸው አይሁድ ቢሆኑም በዚያ የአውሮፓ ጋብቻ ውስጥ ስላልነበሩ ይህ ሥጋት የእነርሱ አይደለም። ሃይማኖት ጂን አያወርስም። አሜሪካ ውስጥ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በተሠራው የቅድመ ጋብቻና የቅድመ እርግዝና ምርመራ በሽታው በአይሁድ ልጆች ላይ ከዘጠና በመቶ በላይ ቀንሷል፤ ዛሬ እዚያ የሚታመሙት አብዛኞቹ ሕፃናት አይሁድ አይደሉም።

«ዝሆኔ ካለበት ቤት ጋብቻ የለም»

የሚከብደኝ ይህኛው ነው፤ ሰው ስለሚጎዳበት። እግር የሚያሳብጠው ፖዶኮኒዮሲስ በእኛ አገር ዝሆኔ ይባላል (በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ ዝሆኔም ስላለ መምታታቱ ሌላ ጣጣ ነው)። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው ስለሚይዝ የቤተሰቡ ልጆች ሁሉ፣ እግራቸው ደኅና የሆነው ጭምር፣ ለጋብቻ ሳይፈለጉ ይቀራሉ።

መነሻው አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ዓለት በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ በቆዳ ዘልቆ ይገባል፤ የሰውነት ምላሽ የእግርን ፈሳሽ የሚመልሱትን የሊምፍ ቱቦዎች ይጎዳል፤ ፈሳሹ ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል። ካሜሩንና ሩዋንዳም ውስጥ ስላለ የአንድ ብሔረሰብ ምልክት ሊሆን አይችልም።

ታዲያ ውርስ የለበትም? አለበት። ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ ወላይታ ውስጥ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው ጂኖች ላይ ልዩነት አግኝተዋል። የሚወረሰው ለብናኙ ተጋላጭነት ነው፤ በሽታው አይወረስም። ተጋላጩ ልጅ ከሕፃንነቱ ጫማ ካደረገና እግሩን በሳሙና ከታጠበ አይታመምም። ወንድማማቾች ከጂኑ ሌላ አንድ ማሳና አንድ ጫማ ማጣትም ይጋራሉ፤ ድህነትም በቤተሰብ ይወረሳል። እግሩ ማበጥ የጀመረውም ቢሆን በመታጠብ፣ በቅባት፣ በፋሻና በጫማ እብጠቱ ይቀንስለታል።

ሥጋ ደዌም እንዲሁ ሲታማ ኖሯል። ኖርዌያዊው አርማወር ሃንሰን በ1873 ባክቴሪያውን እስኪያገኝ ድረስ የአገሩ ታላላቅ ሐኪሞች ሳይቀሩ የዘር ነው ይሉ ነበር። አዲስ አበባ ያለው የምርምር ተቋም በስሙ ተጠርቷል፤ ሐሜቱ ግን ከተቋሙ አጥር ውጪ ገና አልሞተም።

«ሰባት ቤት ቆጥረናል፣ እኛን አይነካንም»

መቁጠሩ ጠቃሚ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች አንድ ዓይነት ጉድለት ያለበት ጂን የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ልጁ የመታመም ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ነገር ግን ጂኑ በአካባቢው የተስፋፋ ከሆነ ፈጽሞ የማይዛመዱ ሰዎችም ይይዙታል። ከወላጆች በአንዱ ብቻ የሚተላለፍ በሽታም አለ። ጭራሽ ከማንም ሳይወረስ አዲስ የሚፈጠርም አለ፦ አኮንድሮፕላዥያ የተባለው የቁመት ማጠር ካለባቸው ልጆች አብዛኞቹ የሚወለዱት መደበኛ ቁመት ካላቸው ወላጆች ነው። እዚህ ላይ የየትኛውን ቤት ዘር ልንወቅስ ነው?

«የአንድ አገር ሰው ደሙ አንድ ነው»

ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ጉበት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ይህን የሚሠራው ጂን ከመጠን በላይ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ ነው። ልዩነቱ ትልቅ ስለሆነ በስደት አገር ያለ ሐኪም ቢያውቀው ይጠቅማል። ሆኖም 71 በመቶው ያ ተጨማሪ ቅጂ የለውም፤ በፓስፖርት ብቻ የሚወስን ሐኪም ከአሥር ኢትዮጵያዊ በሰባቱ ይሳሳታል። ቅጂው የበዛለት ሰው ሰውነት ውስጥ ሞርፊኑ ከልክ በላይ ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ኮዴይን ወስዶ ከልክ በላይ ያንቀላፋ ወይም ትንፋሹ የከበደው ሰው በቤተሰቡ ካለ፣ መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ያንን ለሐኪሙ ይንገር፤ በተለይ የምታጠባ እናት ከሆነች፣ ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋልና።